አጥሩን ወዲህ ሳቡት

ከአራድ ቁልቁል ስወርድ ጆሮዬ ይደፈናል፤
ምራቄን ስውጠው ቷ ብሎ ይከፈታል።
ሃያ ሁለት ዓመት በዚሁ ቁልቁለት፣
በመንግሥት መኪና፣ በመንግሥት ሰዓት።

እናቴ ለጎረቤት "ልጄ የባሕር ሹም ነው" ትላለች፤
ባሕሩ ግን የሚያየኝ እንደ ተሻረ ሰው ነው።
ሥልጣኔ ቢቆጠር፦ ሦስት ሠራተኛ፣
ኋላው የተጨረመተ አንድ ፒክአፕ፣
ቁጥር የተጻፈበት የብረት ዘንግ፣
ጥቅል ጥቅል ቢጫ አጥር፣
ማኅተም።

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዘንጉን የተከልኩበት
ዛሬ መንገድ ዳር ነው፤ ቁጥቋጦ በቅሎበት።
ውሃውን ለማየት አንገት ማስገግ ይጠይቃል፤
በዓመት አንድ ሜትር፣ ያለ ኮቴ፣ ወደ ታች ይርቃል።
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላል የእኛ ሰው፤
ይሄኛው ግን እየሄደ ነው የሚወስደው።

ሊአት፣ ከዩኒቨርሲቲ ገና የመጣችው፣
በምሳ ወረቀት ላይ ሥላ አስረዳችኝ፦
"መሬቱን የሚቦረቡረው መራራው አይደለም፤
ከተራራ የወረደው፣ የሚጠጣው፣ ጣፋጩ ውሃ ነው።
ከሥር ገብቶ ጨዉን እየላሰ
ጣራውን ብቻውን ያስቀረዋል።"
ለጥቂት ሳምንት ጣፋጭ ነገር ሁሉ አስጠረጠረኝ።

ባለፈው ጥር ራሐሚም የሚባል ሽማግሌ፣
አርባ ረድፍ ቴምር በእጁ የተከለ፣
ግራ እግሩን እየጎተተ ቢሮዬ መጣ፤
ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኖረ።
"አንድ መከር ብቻ" አለኝ፤ ሌላ አልጨመረ።
ራዳሩ ከረድፉ ሥር ክፍተት አሳይቷል፤
ሪፖርቱ ጠረጴዛዬ ላይ በጀርባው ተኝቷል።
እኔም አልጨመርኩ።
ፈረምኩ።

ሰላማ አጥሩን እየዘረጋ
"የአባቴ ፍየሎች" አለ፣ "እዚህ ረግጠው አያውቁም።
ማን ነገራቸው?"
ጥያቄውን የምሞላበት ቅጽ አልነበረኝም።

የካቲት ላይ ስልክ፦ "ሰመጠ?"
"ገና ነው።"
ሚያዝያ፦ "ሰመጠ?"
"ገና።"
ሰኔ ላይ አልጠየቀም፤ ዝም ብሎ ተነፈሰ፤
እኔም ተነፈስኩ፤ መስመሩ ተበጠሰ።

አሁን የማይነገረውን ልናገር፦
ሌሊት ስነቃ ምድርን እለምናለሁ።
እባክሽ አፍሽን ክፈቺ፣
አንድ ረድፍ ብቻ፣ ሰው በሌለበት፣
ለፊርማዬ ስትይ።
ሰውን ከጉድጓድ ሊያድን የተቀጠረ
ጉድጓድ እንዲከፈት ሲጸልይ ምን ይባላል?
በሥራ መደቡ መዘርዝር ላይ ስሙ የለም።

መስከረም ቴምሩ ደረሰ።
ዘለላው ከበደ፣ ማንም ሳይቆርጠው ጠቆረ፤
ወፍና ተርብ ብቻ ያለ ፈቃድ ገቡ።
ጥቅምት፣ ለልኬት በወረድንበት ማክሰኞ፣
ከአጥሩ ማዶ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ አንዱ ዛፍ ባዶ ነው፤
የሚያውቅ እጅ ነው የቆረጠው።
ከሥሩ የመሰላል እግር የወጋው ሁለት ቀዳዳ፣
አጠገቡ የጫማ ዱካ፤
የቀኙ ጥርት ያለ፣ የግራው የተጎተተ።

ሊአት አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።
"ምን ልጻፍ?"
ደንቡን አውቀዋለሁ፤ ግማሹን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።
ነፋሱ ከባሕሩ በኩል መጣ፣ ጨው ጨው እያለ።
"ጻፊ" አልኳት። "የውሃው ከፍታ፦ ካለፈው ወር ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ።
አጥሩ፦ ሁለት ምሰሶ የላላ።"
ቀና ሳትል ጻፈች።
"ሌላስ?"
"ሌላ... አጥሩን ሁለት ሜትር ወዲህ ሳቡት።"

ማታ የቢሮዬ በር እጀታ ላይ ፌስታል ተንጠልጥሏል፤
ስም የለውም፤ ይከብዳል።
የመንግሥት ሠራተኛ ስጦታ አይቀበልም፤
ይሄንንም አውቀዋለሁ።
አንዷን አወጣሁ። መብራት ሥር ይዤ ብዙ አየኋት።

ጣፋጭ ነበረች።
ከሥሬ አንድ ነገር ሲላስ ተሰማኝ።